ልቤን የመታው ቡናው አይደለም

ዋጫ ላይ «ቡና አልጠጣም» ያለ ሰው ምክንያቱን ሳይናገር አይለቀቅም። አገሩ ካፋ ነዋ! ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ክልልነት ሲመዘግብ አንዱ ምክንያቱ በጫካው ውስጥ ራሱን ችሎ የሚበቅለው ቡና ነው፤ ቦንጋ ላይም የቡና ሙዚየም ተሠርቷል። እንዲህ ባለ አገር ተወልዶ ሲኒ መመለስ እንደ ኩርፊያ ይቆጠራል። እኔ ከዓመት በላይ ሲኒ ስመልስ ኖሬያለሁ። ምክንያቴን ስጠየቅ «ልቤን ይመታኛል» እላለሁ። «እኔንም እኮ ይመታኛል» ትለኛለች ጎረቤቴ፣ ይህን እያለችም ቶናውን ትጨልጣለች።

የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ዋጫ የጨና ወረዳ ከተማ ናት፤ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ የማይለያት። ልቤ ላይ ሁለት ነገር አለብኝ። አንደኛው ከልቤ በሮች፣ ሐኪሞች ቫልቭ ከሚሏቸው፣ አንዱ በትንሹ የሚያፈስስ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ልቤ አንዳንዴ ምቱን ስቶ የሚዘል መሆኑ ነው። ዘመድ ወዳጁ ሁለቱን አንድ በሽታ አድርጎ ይዞልኛል፤ ልቤ በዘለለ ቁጥር «በሩ ተበላሸባት» ይላል። ግን የሚዘለው ሌላ ነው፣ የሚያፈስሰውም ሌላ። አንዱ ይጮሃል፣ አንዱ ዝም ይላል። ሰው የሚሮጠው ደግሞ ለሚጮኸው ነው።

የሚጮኸውን ላስቀድም። የልብ መምታት ሲባል ሁሉም የራሱ አገላለጽ አለው። አንዱ «ትር ትር ይልብኛል» ይላል፣ ሌላው «ወደ ጉሮሮዬ ይወጣብኛል»። የኔ ማታ ጋደም ስል፣ በተለይ በግራ ጎኔ ስተኛ፣ አንድ ምት ይጎድላል፤ ትንፋሼን ይዤ ስጠብቅ «ድም!» ብሎ ደረቴን ከውስጥ ይመታዋል። አንዳንዴ ይደጋገማል። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ከሆነ የጎደለ ምት የለም። አንዱ ምት ከተራው ቀድሞ መጥቶ ነው። ልብ ገና በደም ሳይሞላ ስለመታ ያ ምት ደካማ ነው፣ አይሰማም። ከእሱ በኋላ ልብ ትንሽ ያርፋል፤ በዚያ እረፍት ከወትሮው በላይ በደም ይሞላል። ቀጥሎ የሚመጣው ምት ያንን ሁሉ ደም ስለሚገፋ ነው ደረት የሚደቃው። የሚያስደነግጠን እንግዲህ ጤነኛው ምት ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላም መደንገጤን አልተውኩም፣ ግን ድንጋጤው አጠረ።

እንዲህ ያለው ቀድሞ የሚመጣ ምት ጤነኛ ሰውም ላይ አለ። ብዙው ሰው አይሰማውም። ማታ የሚሰማው ደግሞ ቀን ስለሌለ ሳይሆን፣ ቀን የአንደኛ ክፍል ተማሪ ጩኸት ስለሚያስረሳው ነው።

በሩ እንዴት ታወቀ? ሁለተኛ ልጄን ነፍሰ ጡር ሆኜ ክትትል ስሄድ ነው። ማዳመጫውን ደረቴ ላይ ያደረገው ወጣት ጤና መኮንን ቶሎ አላነሳውም። ወደ ግራ ብብቴ ሥር አዛወረው፣ ትንፋሼን እንድይዝ ነገረኝ፣ እንደገና አዳመጠ። (ይህን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1816 ፓሪስ ውስጥ የፈጠረው ላኔክ የተባለ ሐኪም ነው፤ የወጣት ሴት ደረት ላይ ጆሮውን ማስጠጋት ቢያፍር ወረቀት ጠቅልሎ አዳመጣት ይባላል። የሰው እፍረት ስንት ነገር አበርክቷል።) ከዚያ ጤና መኮንኑ ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ፦

«መምህርት፣ ልጅ እያሉ ጉሮሮ ታመው፣ ከዚያ ቁርጥማት ይዞዎት ያውቃል?»

ልብ እያዳመጠ ስለ ጉልበት መጠየቁ ገርሞኝ ነበር። መልሱ ግን አዎ ነው። በልጅነቴ ጉሮሮዬን በየጊዜው ያመኝ ነበር። «እንጥሏ ወርዶ ነው» ተብሎ ተቆረጥኩ፤ በዘመኑ የኛ ሰፈር ልጅ ያልተቆረጠ የለም። ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት ጉልበቴ አብጦ መቆም አቃተኝ። ጉልበቴ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቴ አበጠ፣ እሱ ሲሻለው ክርኔ። እናቴ ቅቤ እያቀለጠች አሸችኝ፤ ለቀቀኝ፣ ተረሳ። ጤና መኮንኑ ግን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀና ወደ ቦንጋ የምሄድበትን ወረቀት ጻፈልኝ።

በቦንጋው ገብረ ጻዲቅ ሻዎ ሆስፒታል በኩል ወደ ጅማ ተላክሁ። ከቦንጋ ወደ ጅማ ሲኬድ መንገዱ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ይወርዳል፣ ወንዙን ተሻግሮ ደግሞ ይወጣል፤ በእርጉዝ ሆድ የማይመከር መንገድ ነው። ጅማ ላይ የልብ አልትራሳውንድ፣ ሁሉም ሰው «ኢኮ» የሚለው፣ ተነሣሁ። ቀዝቃዛ ቅባት ደረት ላይ ይቀቡና መሣሪያውን ያንሸራትታሉ፤ አያምም። ስክሪኑ ላይ ወደ መሣሪያው የሚመጣው ደም ቀይ፣ ከመሣሪያው የሚሸሸው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። በሩ ሲዘጋ መታየት የሌለበት አንድ ቀጭን የቀለም ጭረት ወደ ኋላ ሲረጭ ሐኪሟ በጣቷ አሳየችኝ። «ይቺ ናት» አለች። ትንሽ ነበረች፤ እንዲያውም ስለዚህች ብለው ነው ጎጀብን ያሻገሩኝ ብዬ አዝኜ ነበር።

ልብ አራት በሮች አሉት። የኔ የሚያፈስሰው ማይትራል የሚባለው ነው፤ በግራ በኩል ባሉት በላይኛውና በታችኛው ክፍሎች መካከል ያለ፣ ባለ ሁለት ቅጠል በር። ደም ከሳንባ መጥቶ በእሱ በኩል ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያ በሩ ይዘጋና ደሙ ወደ መላው አካል ይገፋል። በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ይከፈታል፣ ይዘጋል። በኛ አገር ክረምት የእንጨት በር ያብጥና ከመቃኑ ጋር አልገጥም ይላል፤ ሲዘጋም በጠርዙ በኩል ነፋስ ያስገባል። የኔም በር ጠርዙ ወፍሮ ተኮማትሯል። ጤና መኮንኑ የሰማው ድምፅ በዚያች ስንጥቅ ወደ ኋላ የሚመለሰው ደም ነው። በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ስለሚጨምር ድምፁ ጎላ ብሎ ይሰማል፤ ብዙ ሴቶች የልባቸውን ጉድ የሚያውቁት እንደኔ ነፍሰ ጡር ሆነው ነው። እኔ ላይ እርግዝናው በሰላም አለፈ። በትንሹ የሚያፈስስ በር እርግዝናን አብዛኛውን ጊዜ ይችላል። የጠበበ በር ግን ሌላ ነገር ነው። ማይትራል ቫልቭ ጠቧል የተባለች ሴት ሳታረግዝ በፊት ሐኪም ማማከር አለባት፤ ካረገዘች የሚጨምረው ደም ማለፊያ ያጣና ወደ ሳንባ ይመለሳል።

በሩን ያበላሸው እንግዲህ ጉሮሮ ነው። ለኔ ከሁሉ የከበደኝ ይህን ማመን ነበር። ስትሬፕቶኮከስ የምትባል ባክቴሪያ የልጅን ጉሮሮ ታሳምማለች፤ በብዛት ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን። ሰውነት እሷን ሊያጠፋ መከላከያ ያመርታል። አንዳንድ ልጆች ላይ ይህ መከላከያ የራስን አካል ከባክቴሪያዋ መለየት ያቅተዋል፤ ጉሮሮው ከዳነ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያንና ልብን ያጠቃል። መገጣጠሚያው ይድናል፣ ምንም ምልክት አይተውም። የልቡ በር ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል፤ ጉሮሮው ደጋግሞ በታመመ ቁጥርም ጠባሳው ይወፍራል። ሩማቲክ የልብ በሽታ የሚባለው ይህ ነው። እንጥል መቁረጥ ለዚህ ምንም አይፈይድም፤ ባክቴሪያዋ እንጥል ላይ ብቻ የምትቀመጥ አይደለችም፣ ቁርጡ ግን ደም ያፈስሳል፣ ሌላ በሽታም ያስገባል።

ብርቅ በሽታ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በደቡብ አፍሪካና በኛው ጎረቤት በጅማ ምንም ሕመም የማይሰማቸውን ተማሪዎች በኢኮ መርምሮ ነበር። ጅማ ላይ ከሺህ ተማሪ 30 ያህሉ የልብ በራቸው ላይ የዚህ በሽታ ምልክት ተገኝቶባቸዋል፤ ደቡብ አፍሪካ ላይ 20 ያህሉ። እኔ ይህን ቁጥር ያሰብኩት በትምህርት ቤት ሰልፍ ነው። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ፊቴ ከሚቆሙት ልጆች ስንቶቹ ያፈስሳሉ?

ወደ ቡናው ልመለስ። ከወለድኩ በኋላ መዝለሉ ባሰብኝ። ያየኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ቡና ተዪ» ነው። ተውኩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራስ ምታቱ ናላዬን አዞረው፣ ከዚያ ለመድኩት። መዝለሉ ግን እንዳለ ቀጠለ። ጎረቤት ቤት የበቆሎ ንፍሮውን ብቻ እየቆረጠምኩ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲቀዳ አያለሁ፤ ማታ ደግሞ ልቤ ይዘላል። ይህ ፍርድ አይደለም!

በኋላ አንድ ሐኪም በወጉ መረመረኝ። ሥራውን የጀመረው ከሚታወቁት ምክንያቶች ነው። ደም ማነስ ልብን ያስሮጣል፤ ከወለድኩ ብዙ ጊዜ አልሆነኝም፣ ደሜም አንሶ ተገኘ። የአንገት ዕጢ፣ እንቅርት የሚወጣበት ታይሮይድ፣ ከመጠን በላይ ሲሠራ ልብን ያስመታል፤ የኔ ደህና ነው። ጫት ትቅሚያለሽ ወይ አለኝ፤ ጫት የልብን ምት ይጨምራል። የጉንፋን መድኃኒት፣ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት፣ ትኩሳት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሁሉንም ጠየቀ። አዲስ አበባ እህቴ ጋ በሄድኩበት ጊዜ ደግሞ የልብን ምት ቀንና ሌሊት የሚቀዳ ትንሽ መሣሪያ ደረቴ ላይ ለጥፈው ሰደዱኝ፤ በተሰማኝ ቁጥር ሰዓቱን እንድጽፍም ነገሩኝ። ውጤቱ ሲነበብ አብዛኛው የጻፍኩት ሰዓት ላይ ያ ቀድሞ የሚመጣው ምት አለ፤ አንዳንዱ ላይ ግን ልቤ ፈጠን ብሎ በሥርዓቱ ይመታል እንጂ ምንም አልነበረም። ፍርሃቴ ነው። ፍርሃት ልብን ያስሮጣል፣ የሮጠ ልብ ደግሞ ያስፈራል፤ ሁለቱ እየተቀባበሉ ሌሊቱን ያነጉታል።

ስለ ቡናውም ጠየቅሁት። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አለ አለኝ። 100 ጤነኛ ሰዎች ደረታቸው ላይ የልብ መቅጃ ተለጥፎላቸው ለሁለት ሳምንት «ዛሬ ጠጣ፣ ዛሬ አትጠጣ» እየተባሉ ተከታተሏቸው። በጠጡበት ቀን ከልብ የላይኛው ክፍል የሚነሡት ቀዳሚ ምቶች ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልጨመሩም። ከታችኛው ክፍል የሚነሡት ግን ጨምረዋል፦ በቀን ከ102 ወደ 154። እንቅልፋቸው በ36 ደቂቃ አጠረ፤ የእግር እርምጃቸው ደግሞ ከሺህ በላይ ጨመረ። ስለዚህ ቡና ፍጹም ነፃ ነው አልልም፤ ግን ሰው የሚጭንበትን ያህል ኃጢአት የለበትም። ሐኪሙ ያለኝ «ይሞክሩት፤ በጠጡበት ቀን ከባሰብዎት ይተዉት፣ ካልባሰብዎት ለምን ይከለከላሉ?» ነው። ሞከርኩት። የጠዋቱ አቦል ምንም አላደረገኝም። ከሰዓት በኋላ የምጠጣው ግን እንቅልፌን ይወስደዋል፣ ያልተኛሁበት ሌሊት ደግሞ ልቤ ይዘላል። አሁን ጠዋት እጠጣለሁ፣ ማታ ሲጠሩኝ ንፍሮውን እበላለሁ። ደም ማነሱ የብረት ክኒን ተወስዶ ሲስተካከል መዝለሉ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ተከስሶ የነበረው ቡና፣ ጥፋተኛው የደም ማነስ!

ሌላም የተከለከልኩት ነበር፦ ሥራ። «ልብ ያለባት ሴት ውኃ አትቅዳ፣ ዳገት አትውጣ» ተባለ፤ አዝነውልኝ ነው። ተቀመጥኩ። በተቀመጥኩ ቁጥር ደከምኩ፤ ጥቂት ስራመድ ልቤ ይሮጣል፣ ሲሮጥ ደግሞ «አይታችኋል!» ይባላል። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ፍሳሽ ግን መራመድ ክልክል አይደለም፤ ያልሠራ አካል ነው ልብን በትንሽ ነገር የሚያስሮጠው። አሁን ትምህርት ቤት በእግሬ እሄዳለሁ፤ በጭቃ ቀን እንኳ።

ከሁሉም የረዳኝ የራሴን ምት መቁጠር መማሬ ነው። ከአውራ ጣት ሥር፣ የእጅ አንጓ ላይ፣ በሁለት ጣት ይያዛል። ለ30 ሰከንድ ይቆጠርና በሁለት ይባዛል። አርፎ ለተቀመጠ አዋቂ ከ60 እስከ 100 ደህና ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ግን አረማመዱን ማየት ነው። እኩል እየሄደ አንዳንዴ ብቻ ከሳተ የኔው ዓይነት ነው። ሥርዓት የሌለው፣ አንዱ ቀርቦ አንዱ ርቆ፣ አንዱ በርትቶ አንዱ ላልቶ የሚመታና በዚያው የሚቀጥል ከሆነ ግን መተኛት አይገባም። እንዲህ ያለው ምት በቫልቭ በሽተኛ ላይ ሲመጣ ደም ልብ ውስጥ ሊረጋና ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ግማሽ አካል ሊያሽመደምድ ይችላል። ከመምታቱ ጋር ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮ ቁጭ ማለት፣ እግር ማበጥ፣ ቀድሞ የሚወጡትን ዳገት ማቃት ካለ በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ነው። «ነገ ገበያ ውዬ» አይባልም።

እስካሁን ያወራሁት ስለሚጮኸው ነው። ዝም የሚለው በር ግን የሚፈልገው ሌላ ነው፦ መርፌ። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይባላል፤ በየአራት ሳምንቱ መቀመጫ ላይ ይወጋል። ወፍራም ነጭ ፈሳሽ ነው፣ መርፌው ውስጥ ይጓጉላል፣ ያምማል፤ በዚያን ቀን ወንበር ላይ የምቀመጠው በአንድ በኩል ነው። ሥራው በሩን መጠገን አይደለም። ጉሮሮን እየጠበቀ በሽታው ዳግም እንዳይመጣና ጠባሳው እንዳይወፍር ነው። በሩ ላይ ጉዳት ለቀረበት ሰው ቢያንስ እስከ 40 ዓመቱ ድረስ እንዲቀጥል ነው ብዙ ጊዜ የሚመከረው።

እስቲ አስቡት። ምንም አያምህም፤ ማታ ልብህ ሲዘል መርፌው አያስቆመውም፤ ብትወጋ የምታየው ለውጥ የለም፣ ብትቀር ደግሞ በማግስቱ የሚሆን ነገር የለም። ከዚህ የበለጠ ለመርሳት የሚመች ሕክምና የለም። አብሮኝ ይወጋ የነበረ አንድ ወጣት የቡና ለቀማ ሲደርስ ቀረ፣ ከዚያ «ደህና ነኝ» ብሎ በዚያው ተወው። ደህና ነበርና ማን ይከራከረዋል?

እኔ የምከራከረው በአንድ ጥናት ነው። ጉሉ፣ ሰሜን ኡጋንዳ ውስጥ፣ በሽታው ገና ሳይታወቃቸው በኢኮ የተገኘባቸው 818 ልጆች ሁለት ቦታ ተከፈሉ። ግማሾቹ በየወሩ መርፌውን ተወጉ፣ ግማሾቹ ክትትል ብቻ ተደረገላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ካልተወጉት 8.2 በመቶው ላይ የበሩ ጉዳት ከፍቷል፤ ከተወጉት ላይ የከፋባቸው 0.8 በመቶ ብቻ ናቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ልጆች ላይ የተደረገ ነው፣ እኔ ልጅ አይደለሁም፤ ግን መርፌውን በምፈራበት ጠዋት ይህን ቁጥር አስባለሁ። ቁጥሩ ሌላም ይነግረናል፦ ካልተወጉትም እንኳ አብዛኞቹ በሁለት ዓመት ውስጥ አልከፋባቸውም። ትንሽ ፍሳሽ አለብህ ማለት ሞት ተፈረደብህ ማለት አይደለም።

መርፌው የሚፈራበት ምክንያት ሕመሙ ብቻ አይደለም። «ፔኒሲሊን ገደለው» የሚል ወሬ በየአገሩ አለ፤ ባለሙያም ሳይቀር እጁ ይንቀጠቀጣል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ከመርፌው በኋላ ከታዩት ሞቶች ብዙዎቹ በፔኒሲሊን አለርጂ ሳይሆን ልባቸው አስቀድሞ ክፉኛ በተጎዳ ሰዎች ላይ በልብ ድካም የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ ብሏል፤ ለእንዲህ ያሉት በአፍ የሚወሰደው እንዲታሰብም መክሯል። እንደኔ ቀላል ጉዳት ላለበት ግን መርፌው ተመራጭ ነው። ጠግቦ መምጣት፣ ውኃ መጠጣት፣ ጋደም ብሎ መወጋት፣ ተወግቶም ጥቂት መቆየት ይረዳል። አለርጂ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ግን አስቀድሞ ይናገር። ችግሩ መድኃኒቱ የሚጠፋበት ጊዜ መኖሩ ነው፤ አንድ ጊዜ የሄድኩበት ጤና ተቋም አልቆበት ከከተማ ከተማ ያስዞረኝን አልረሳውም። በርካሽ መድኃኒት እጥረት የሰው ልብ ሲበላሽ ያናድዳል።

የሚያናድደኝ ጅማ ላይ ያየኋትን ልጅ ሳስብ ነው። ኢኮ ለመነሣት ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ የነበረች፣ ከተማሪዎቼ የማትበልጥ ልጅ፣ መተኛት ስለማትችል አባቷን ተደግፋ ቁጭ ብላ ታንቀላፋለች። የሷ በር የኔ ዓይነት ጭረት አይደለም፤ ለቀዶ ሕክምና ወረፋ ላይ ናት። በአገራችን የልብ ሕሙማን ሕፃናትን ለመርዳት ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 ማኅበር አቋቁመው፣ በ2009 አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል ተከፍቷል፤ የስንቱን ልጅ ሕይወት አትርፏል። ወረፋው ግን በሺዎች የሚቆጠር ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2018 መንግሥታት በዚህ በሽታ ላይ እንዲዘምቱ ውሳኔ አሳልፏል። ለኔ ዘመቻው የሚጀመረው ከሆስፒታል ሳይሆን ከክፍል ነው።

ክፍል ውስጥ የማየው ተቀይሯል። ጉሮሮውን አሞት የቀረን ልጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲያነክስ ካየሁ እጠይቃለሁ። የእጅ ጽሑፉ በድንገት የተበላሸ፣ እስክሪብቶ ከእጁ የሚወድቅበት፣ ፊቱና እጁ ሳያዘው የሚወራጭ ልጅም አለ፤ ይህም የዚሁ በሽታ አንዱ መልክ ነው፣ ጉሮሮው ከተረሳ ከወራት በኋላ ይመጣል። ድሮ ቢሆን ተማሪው «ረበሸ» ተብሎ ይቀጣል፤ ቤተሰብም ዓይነ ጥላ ነው ብሎ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ጸበል የሚወስደውን አልከለክልም፤ በመንገድህ ጤና ጣቢያም ጎራ በል እላለሁ እንጂ።

በቅርቡ በወላጆች ስብሰባ ላይ ይህንኑ ስናገር አንድ አባት ከኋላ ተነሡ።

«ቲቸር፣ ካፋ ዝናብ ነው። ልጅ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ያስላል፣ ንፍጡ ይወርዳል። በሳለ ቁጥር ልሸከመው ነው?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። የሚያስለውና ንፍጡ የሚወርደው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ጉንፋን ነው፣ ፔኒሲሊንም አያስፈልገውም። እንዲሸከሙት የምፈልገው ሌላኛውን ነው አልኳቸው፦ የማያስለውን። ድንገት የሚያተኩሰው፣ ምራቅ መዋጥ የሚያቅተው፣ ከመንጋጋው ሥር ያበጠ፣ አፉ ሲከፈት ጉሮሮው ቀልቶ ነጭ ነገር የሚታይበት። እሱን በዘጠኝ ቀን ውስጥ ጤና ጣቢያ ካደረሱት አንድ መርፌ ወይም የ10 ቀን መድኃኒት ልቡን ያድንለታል። ክኒን ከተሰጠውም በሦስተኛው ቀን ሲሻለው አቋርጠው ለታናሹ እንዳያስቀምጡት።

«እንጥሉስ?» አሉ።

«እንጥሉ ይቀመጥ አባቴ።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልተቀመጡም፤ ጨና ውስጥ በሚቀርባቸው ጤና ጣቢያ መርፌው መኖር አለመኖሩን ጠየቁኝ። በዚህ ሳምንት ደውዬ እንደማረጋግጥ ነገርኳቸውና ስልካቸውን ጻፍኩ። ከኋላቸው ሌሎች አራት ወላጆች ስልክ ለማስጻፍ ተሰለፉ።